ከወይን ማሳ እስከ ቅምሻ ጠረጴዛ፦ አምራቹና ገዢው ፊት ለፊት የተገናኙበት ታሪክ

ገበሬው ምርቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ ዋጋውን የሚቆርጥለት ማን ነው? ይህ ጥያቄ ቡና የሚያመርተውን፣ ሰሊጥ የሚያመርተውን፣ ስንዴና ማር የሚያመርተውን ሁሉ እኩል ይመለከታል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ረዥም ዘመን ከታገሉት የዓለም አምራቾች መካከል የወይን ገበሬዎች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ዛሬ በፈረንሳይ፣ በጀርመን፣ በኢጣልያ ወይም በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የወይን አገር የሚጓዝ ሰው በየመንገዱ ዳር ወደ ገበሬው ግቢ የሚጋብዝ ምልክት ያያል። ምልክቱን ተከትሎ ቢገባ ቤተሰቡ ያመረተውን ወይን ጠጅ ቀምሶ፣ ጠይቆ፣ ወዶ ሲገኝም ገዝቶ ይወጣል። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህች የቅምሻ ክፍል በአንድ ቀን የተገኘች አይደለችም። ከጀርባዋ የተባይ ወረርሽኝ፣ የዋጋ ውድቀት፣ የሕዝብ ቁጣ፣ የሰው ሕይወት መጥፋት፣ የወንድማማቾች ጠብና የኅብረት ሥራ ጥረት አለ። ታሪኩ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ሊያውቁት የሚገባ ቁም ነገር የያዘ በመሆኑ በሚከተለው መልኩ ቀርቧል። ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅምሻ ክፍል ውስጥ የሚሆነው

በቤተሰብ የሚተዳደር የወይን እርሻ የቅምሻ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከመኖሪያ ቤቱ አጠገብ ወይም በርሜሎቹ ከተደረደሩበት መጋዘን ጫፍ ላይ ይገኛል። ረዥም ጠረጴዛ ወይም ባንኮኒ፣ ንጹሕ ብርጭቆዎች፣ ውኃ፣ ትንሽ ዳቦ ይቀመጣል። በብዙ ቦታ እንግዳውን የሚቀበለው የቤተሰቡ አባል ነው። ወይኑን የተከለው አባት፣ ሒሳቡን የምትይዘው እናት ወይም በሙያው ተምሮ የተመለሰው ልጅ ሊሆን ይችላል።

ለቀማሹ አራት ወይም አምስት ዓይነት ወይን ጠጅ በየተራ ይቀዳለታል። የእያንዳንዱ መጠን ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም። ቅደም ተከተሉም የራሱ ሥርዓት አለው። ነጩ ከቀዩ ይቀድማል፤ ቀላሉ ከከባዱ ይቀድማል፤ ጣፋጩ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከባዱ ወይም ጣፋጩ ቀድሞ ከተቀመሰ ምላስን ስለሚይዝ ቀጥሎ የሚመጣው ጣዕሙ ይጠፋል።

ቀማሹ በመጀመሪያ ብርጭቆውን ከነጭ ነገር ፊት ለፊት ይዞ ቀለሙን ያያል። ቀጥሎ ብርጭቆውን በቀስታ አዙሮ መዓዛውን ያሸታል። ከዚያ ጥቂት ጎንጨት ብሎ በአፉ ውስጥ ያዘዋውረዋል። ኮምጣጣነቱን፣ ጣፋጭነቱን፣ በቀይ ወይን ጠጅ ላይ ደግሞ እንደ ወፈረ ሻይ አፍ የሚያደርቀውን ባሕርይ ይለያል። ይህ አፍ የማድረቅ ባሕርይ የሚመጣው ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ ሲሆን፣ ጠጁ ለዓመታት ተቀምጦ እንዲበስል ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ነው። በመጨረሻም ቀማሹ ሊውጠው ወይም በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ሊተፋው ይችላል። መትፋት እዚያ ነውር አይደለም። እንዲያውም ሙያተኛ ቀማሾች በቀን ብዙ ዓይነት ስለሚቀምሱ ሳይተፉ ሥራቸውን ሊሠሩ አይችሉም።

ለገበሬ ከሁሉም የበለጠ ትኩረት የሚስበው ግን በጠረጴዛው ዙሪያ የሚካሄደው ጨዋታ ነው። አምራቹ ከአንድ የወይን ዝርያ የተጠመቁ ሁለት ጠርሙሶችን አቅርቦ አንዱ ከተዳፋቱ፣ ሌላው ከሜዳው ማሳ የተለቀመ መሆኑን ያስረዳል። ዝናብ የበዛበትን ዓመትና ፀሐይ የበረታበትን ዓመት ጎን ለጎን ያስቀምሳል። ገዢው በዚህ ጊዜ የሚቀምሰው መጠጡን ብቻ ሳይሆን አፈሩን፣ የአየር ጠባዩንና የገበሬውን ድካም ጭምር ነው። ገበሬውም በበኩሉ ገዢው የቱን እንደወደደ፣ የቱን ቀምሶ እንደተወ በዓይኑ ያያል። ይህ በጅምላ ሻጭ በኩል ፈጽሞ የማይደርሰው መረጃ ነው። በተጨማሪም እዚያው ከተሸጠ ጠርሙስ ላይ ለአከፋፋይና ለቸርቻሪ ይሄድ የነበረው ድርሻ ከአምራቹ እጅ አይወጣም። እርግጥ ነው፣ ቤቱን ማሳመር፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ በነጻ የሚቀዳው መጠጥ ሁሉ ወጪ አለው። ሆኖም ዋጋውን የሚናገረው አምራቹ ራሱ ነው።

ነገር ግን የወይን ገበሬ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረውም።

ሥር የምትመጠው ተባይ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ፈረንሳይ በወይን ምርት የዓለም ቀንደኛ ነበረች። በ1863 ገደማ በደቡባዊ ፈረንሳይ የወይን ተክሎች ያለ በቂ ምክንያት መጠውለግና መድረቅ ጀመሩ። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ፍሬው ሳይበስል ይረግፋል፣ ተክሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል። ገበሬው የሞተውን ተክል ነቅሎ ሲያይ ሥሩ ላይ ምንም አያገኝም ነበር። በ1868 የሞንፔሊዬው የዕፅዋት ሊቅ ዡል ኤሚል ፕላንሾን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ምስጢሩን አገኙት። የሞተውን ሳይሆን ገና በመታመም ላይ ያለውን ተክል ነቅለው ሲመለከቱ ሥሩ በጥቃቅን ቢጫ ተባዮች ተሸፍኖ ነበር። ተባይዋ ፊሎክሴራ ትባላለች። ከአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ አትበልጥም። የመጣችውም ከሰሜን አሜሪካ ከተወሰዱ የወይን ችግኞች ጋር ነው።

የጉዳቱን መጠን ለመረዳት ሁለት ቁጥሮች ይበቃሉ። በ1875 የፈረንሳይ የወይን ጠጅ ምርት 84.5 ሚሊዮን ሄክቶሊትር ያህል ነበር። አንድ ሄክቶሊትር 100 ሊትር ነው። በ1889 ምርቱ ወደ 23.4 ሚሊዮን ሄክቶሊትር ወረደ። መንግሥት መድኃኒት ላገኘ ሰው 300,000 ፍራንክ እሰጣለሁ ቢልም ሽልማቱን የወሰደ አልነበረም። ማሳን በውኃ ማጥለቅለቅና በአፈር ውስጥ ኬሚካል መርጨት ተሞክሯል። ዘላቂው መፍትሔ ግን በመጣችበት በዚያው በአሜሪካ ተገኘ። የአሜሪካው የወይን ሥር ከተባይዋ ጋር አብሮ የኖረ በመሆኑ ይቋቋማታል። ስለዚህ የአውሮፓውን ዝርያ ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ ማዳቀል ተጀመረ። ዛሬም በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የወይን ተክል በዚህ መንገድ የተዳቀለ ነው።

መድኃኒቱ ቢገኝም ዕዳው በገበሬው ትከሻ ላይ ወደቀ። ማሳውን ነቅሎ እንደገና ለመትከል ተበደረ። በላንግዶክ በሚባለው የደቡብ ፈረንሳይ ክልል አዲሱ ተክል ወደ ሜዳው ወርዶ ብዙ ምርት የሚሰጡ ዝርያዎች ተመረጡ። በዚያው ወቅት ከአልጄሪያ የሚገባው ወይን ጠጅ ጨመረ። ከዘቢብና ከስኳር የሚሠራ ሐሰተኛ ወይን ጠጅም ገበያውን አጥለቀለቀው። ወደ 1900 ገደማ ዋጋው ክፉኛ ወደቀ። ትንሹ ገበሬ በቂ ጋንና መጋዘን ስላልነበረው ጠጁን ይዞ ዋጋ እስኪሻሻል መጠበቅ አይችልም። ነጋዴው ይህን ያውቃል። በመሆኑም የቅምሻው ብርጭቆ በነጋዴው እጅ ነበረች፤ ቀምሶ «ይህ ደካማ ነው» ካለ ገበሬው የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም።

የ1907 የወይን ገበሬዎች ንቅናቄ

ቁጣው በ1907 ገነፈለ። አርዤልዬ በምትባል መንደር ማርሴላን አልቤር የሚባሉ የወይን ገበሬና የቡና ቤት ባለቤት ነበሩ። መጋቢት 11 ቀን 1907 ከመንደራቸው 87 ሰዎች ተነሥተው ከፓሪስ ለመጣ የፓርላማ አጣሪ ኮሚሽን አቤቱታቸውን ለማሰማት ወደ ናርቦን ከተማ ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ በየከተማው ሰልፍ ተደረገ። የሰልፈኛው ቁጥር በየሳምንቱ እየበዛ ሄዶ ሰኔ 9 ቀን በሞንፔሊዬ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፤ ሐሰተኛ ወይን ጠጅ ይታገድ፣ ሠርተን እንብላ የሚል ነው። በርካታ የከተማና የመንደር ሹማምንት ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሕዝቡም ግብር አንከፍልም አለ።

የጠቅላይ ሚኒስትር ዦርዥ ክሌማንሶ መንግሥት ጦር ላከ። ሰኔ 19 ቀን የናርቦን ከንቲባ ኤርኔስት ፌሩል ታሰሩ። በዚያ ዕለትና በማግሥቱ በከተማዋ በተተኮሰ ጥይት ስድስት ሰዎች ሞቱ። ዜናው ሲሰማ የአካባቢው ልጆች የነበሩበት የ17ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር 500 ያህል ወታደሮች አምፀው ከአግድ ወደ ቤዚዬ ከተማ ዘለቁ። ወታደሮቹ የገበሬ ልጆች ስለነበሩ በወላጆቻቸው ላይ አንተኩስም አሉ።

ማርሴላን አልቤር በስውር ወደ ፓሪስ ሄደው ክሌማንሶን አነጋገሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰውየውን መክረው ለመመለሻ የባቡር ትኬት 100 ፍራንክ ሰጧቸው። ቀጥለውም ገንዘብ መስጠታቸውን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። የትናንቱ መሪ በአንድ ቀን በገዛ ወገናቸው ዘንድ እንደተገዛ ሰው ተቆጠሩ። በ1921 በድህነት አረፉ።

ንቅናቄው ግን ፍሬ አልባ አልሆነም። ሰኔ 29 ቀን 1907 በወጣው ሕግ መሠረት እያንዳንዱ አምራች የለቀመውን መጠን እንዲያስመዘግብ፣ ለወይን ጠጅ ሥራ የሚውለው ስኳርም ቁጥጥርና ተጨማሪ ቀረጥ እንዲኖርበት ተደረገ። በመስከረም ወር ደግሞ የወይን ገበሬዎች አጠቃላይ ኅብረት ተመሠረተ፤ ከእስር የተፈቱት ፌሩል መሪው ሆኑ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ከባድ ነው። በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለው እንቅስቃሴ በ100 ፍራንክ ተናጋ፤ በደንብና በአባልነት የቆመው ድርጅት ግን ቀጠለ።

«ሁሉም ለአንዱ፣ አንዱ ለሁሉም»

ከሰልፉ በፊት ሌላ መንገድ የጀመሩ ገበሬዎች ነበሩ። በቤዚዬ አቅራቢያ ባለችው በማሮሳን መንደር በታኅሣሥ 1901 ትናንሽ የወይን ገበሬዎች ተሰብስበው «ነጻ የወይን ገበሬዎች» የሚል ስም ያለው ማኅበር አቋቋሙ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ በቤቱ የጠመቀውን አንድ ላይ አድርገው መሸጥ ጀመሩ። በ1905 ደግሞ የጋራ መጥመቂያና መጋዘን ሠሩ። መፈክራቸው «ሁሉም ለአንዱ፣ አንዱ ለሁሉም» የሚል ነበር። ከሁሉም የሚገርመው የሽያጭ ዘዴያቸው ነው። የአካባቢውን ነጋዴ ትተው በቀጥታ ለፓሪስ ሠራተኞች የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሸጥ ያዙ። በአንድ ጫፍ የአምራች ማኅበር፣ በሌላው ጫፍ የሸማች ማኅበር ተገናኙ ማለት ነው። ታዋቂው የፖለቲካ ሰው ዣን ዦሬስ በ1905 ጎብኝተዋቸው ስለ ሥራቸው ጽፈዋል።

ማሮሳን በአውሮፓ የመጀመሪያዋ አይደለችም። በጀርመን በአር ወንዝ ሸለቆ ያሉት የማይሾስ መንደር ገበሬዎች ማኅበራቸውን የመሠረቱት በ1868 ነው። በዚያን ጊዜ በጀርመን ሥር በነበረችው በአልዛስ የሪቦቪሌ ገበሬዎች በ1895 ተደራጅተዋል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በደቡብ ፈረንሳይ በመቶ የሚቆጠሩ የጋራ መጥመቂያዎች ተሠሩ። ብዙ መንደር ዛሬም ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ትልቁ ሕንጻ ይኸው የማኅበሩ መጥመቂያ ነው።

የእነዚህን ማኅበራት ድካም ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪኩን ያጎድለዋል። በብዙዎቹ ዘንድ ለአባሉ የሚከፈለው ዋጋ በፍሬው ክብደትና በስኳር መጠኑ ብቻ ይሰላ ነበር። ጥሩ ማሳ ያለውም፣ ተንከባክቦ ያለማውም፣ ለብዛት ብቻ ያመረተውም ፍሬ አንድ ጋን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጎበዙ ገበሬ የሚጎብዝበት ምክንያት አጣ። ይህ አሠራር ገዢው ርካሽ ወይን ጠጅ በብዛት በሚጠጣበት ዘመን ችግሩ አልታየም። በ1960ዎቹ አንድ ፈረንሳዊ በአማካይ በዓመት ከ100 ሊትር በላይ ይጠጣ ነበር። በኋላ ግን መጠኑ ከግማሽ በታች ወረደ። ሰዎች ጥቂት መጠጣት፣ የሚጠጡትንም መምረጥ ጀመሩ። ያኔ በጋን የሚሸጡ ማኅበራት ተቸገሩ። በ2024 የፈረንሳይ መንግሥት ማሳቸውን ለመንቀል ለፈቀዱ ገበሬዎች በሄክታር 4,000 ዩሮ እስከ መክፈል ደርሷል። ከችግሩ የተሻለ ሆነው የወጡት ፍሬን በደረጃ ለይተው የሚቀበሉ፣ ለጥራት የተለየ ዋጋ የሚከፍሉ፣ በራሳቸው ስም በጠርሙስ የሚያሽጉና በመጥመቂያው በር ላይ የቅምሻ ክፍል የከፈቱ ናቸው።

የሞንዳቪ ቤተሰብ በናፓ

የቅምሻ ክፍልን የወይን አገር መለያ ካደረጉት መካከል በካሊፎርኒያ የናፓ ሸለቆ ያሉ ቤተሰቦች ይገኙበታል። ከእነዚህም አንዱ የሞንዳቪ ቤተሰብ ነው። አባትየው ቼዛሬ ሞንዳቪ ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ በሚኒሶታ በብረት ማዕድን ማውጫ ሠሩ። ባለቤታቸው ሮዛ ለማዕድን ሠራተኞች ቤት አከራይተው ምግብ ያበስሉ ነበር። ከ1920 እስከ 1933 በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ መሸጥ በሕግ ታግዶ ሳለ ሰው በቤቱ ለራሱ መጥመቅ ይችል ስለነበር ቼዛሬ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው የወይን ፍሬ በባቡር መላክ ጀመሩ። በ1943 ደግሞ በ1861 የተመሠረተውን የቻርልስ ክሩግ መጥመቂያ በ75,000 ዶላር ገዙ። ልጆቻቸው ሮበርትና ፒተር ሥራውን ተካፈሉ። ፒተር ጠመቃውን፣ ሮበርት ሽያጩን ያዙ። በ1950ዎቹ እንግዶችን በግቢው ሣር ላይ እየጋበዙ ማስቀመስ የተለመደ ሆነ።

አባት በ1959 ካረፉ በኋላ ወንድማማቾቹ አልተስማሙም። ሮበርት የጥራት ደረጃውን ከፍ አድርገን ከፈረንሳይ ጋር እንወዳደር ይላሉ፤ ፒተር ወጪው አይቻልም ይላሉ። በ1965 ጠቡ እስከ ቡጢ ደርሶ ሮበርት ከቤተሰቡ ድርጅት እንዲወጡ ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ53 ዓመታቸው፣ ኦክቪል በሚባል ቦታ የራሳቸውን መጥመቂያ አቋቋሙ። የመጠጥ እገዳው ከተነሣ በኋላ በናፓ ከባዶ የተሠራ የመጀመሪያው ትልቅ መጥመቂያ ነበር። ሮበርት ሕንጻውን ከመነሻው ለእንግዳ እንዲመች አድርገው አሠሩት። ጎብኚው አሰራሩን እየተዘዋወረ ያያል፤ ይቀምሳል፤ ይማራል። በወቅቱ ብዙ አሜሪካዊ ወይን ጠጅን ከምግብ ጋር መጠጣት አያውቅም ነበር። ሮበርት የገባቸው ነገር ገዢውን መጀመሪያ ማስተማር፣ ከዚያ መሸጥ እንደሚያስፈልግ ነው።

ሸለቆው በቤት ሥራ እንዳይዋጥ የናፓ ወረዳ አስተዳደር በ1968 የእርሻ መሬቱን ከቤት ልማት የሚከላከል ደንብ አወጣ። በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። በ1990 ደግሞ አዲስ የሚከፈቱ መጥመቂያዎች ከሚጠቀሙት ፍሬ 75 በመቶው ከናፓ እንዲሆን፣ የቅምሻ ጉብኝታቸውም በቀጠሮ እንዲሆን ተደነገገ። ስለዚህ የናፓ ስም የቆመው በገበሬው ጥረት ብቻ ሳይሆን በአካባቢው አስተዳደር ቆራጥነትም ጭምር ነው።

ፍርድን በምላስ

እስከ 1970ዎቹ ከፈረንሳይ ወይን ጠጅ የሚስተካከል የለም የሚለው አነጋገር እንደ እውነት ይቆጠር ነበር። ግንቦት 24 ቀን 1976 በፓሪስ የወይን ጠጅ መደብር የነበራቸው እንግሊዛዊው ስቲቨን ስፐሪየር አንድ ቅምሻ አዘጋጁ። ውጤታቸው የተቆጠረው ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች የታወቁ ሙያተኞች ነበሩ። የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይን ጠጆች ማንነታቸው ተሸፍኖ ቀረቡ። ዳኞቹ ነጥባቸውን ሲሰጡ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም። ውጤቱ ሲገለጥ በነጩም በቀዩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያው ሆነ። ነጩ የሻቶ ሞንቴሌና፣ ቀዩ የስታግስ ሊፕ የ1973 ምርት ነበር። ስታግስ ሊፕን የመሠረቱት ዋረን ዊኒያርስኪ ቀድሞ በሞንዳቪ መጥመቂያ የሠሩ ናቸው።

ዝና ያለው ስም ሲሸፈን ምላስ ብቻ ቀረ፤ ምላስም ስለ ዝና አያውቅም። ስም ያላገኘ አምራች ጥራቱን የሚያስመሰክርበት አንዱ ፍትሐዊ መንገድ ተሸፍኖ የሚደረግ ቅምሻ መሆኑ በዚያን ቀን ታየ።

ባለቤትነት ሲላላ

የሞንዳቪ ታሪክ ፍጻሜ ለኅብረት ሥራ አባላት ልዩ ትርጉም አለው። የሮበርት ድርጅት እየሰፋ ሄዶ በ1993 አክሲዮኑን በገበያ መሸጥ ጀመረ። ገንዘብ ተገኘ፤ ሥራው አደገ። ነገር ግን ከቤተሰቡ ውጭ ያሉ ባለድርሻዎች ፍላጎትም አብሮ ገባ። በ2004 ድርጅቱ ኮንስተሌሽን ለተባለው ግዙፍ የመጠጥ ኩባንያ ተሸጠ። ሮበርት በ2008 ሲያርፉ በስማቸው የሚጠራው መጥመቂያ የቤተሰባቸው አልነበረም። በአንጻሩ ወደ ኋላ የቀረ ይመስል የነበረው የፒተር ወገን የቻርልስ ክሩግን መጥመቂያ አልሸጠም። ፒተር በ2016 እስኪያርፉ ድረስ ድርጅቱ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም፤ ልጆቻቸውም ተረክበውታል። ስም ሊቀር ይችላል፤ ባለቤትነት ግን ከወጣ መመለሱ አስቸጋሪ ነው።

ጎርፍ የነካው ጠርሙስ

ከላይ የተጠቀሰው የጀርመኑ የአር ሸለቆ በቅርቡ ከባድ ፈተና ደርሶበታል። ከሐምሌ 14 ለ15 አጥቢያ 2021 በወረደው ዝናብ ወንዙ ሞልቶ በሸለቆው ከ130 በላይ ሰዎች ሞቱ። የማይሾስን ማኅበር ጨምሮ የብዙ አምራቾች መጋዘንና የቅምሻ ክፍል በጭቃ ተዋጠ። ለቀማው የቀረው ጥቂት ሳምንታት ነበር። ከሌሎች የወይን ክልሎች ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው መጥተው በማሳው ላይ ረዱ። ከጎርፍ የተረፉት ጠርሙሶችም ሳይታጠቡ፣ ከነጭቃቸው ለሕዝብ ተሸጡ። በዚህ ዘመቻ ከ4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ተሰበሰበ። ገዢዎቹ ገንዘባቸውን የሰጡት ለጭቃው አይደለም። ከእነርሱም መካከል ሸለቆውን የሚያውቁ፣ ከገበሬው ጠረጴዛ የቀመሱ ሰዎች ነበሩ። ገበሬው በደህናው ቀን ያፈራው ወዳጅ በክፉ ቀን ደረሰለት።

በኢትዮጵያ በኩል ሲታይ

ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መግለጫ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም መንግሥት ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች መካከል ጥቂት የወይን ጠጅን ይጠቅሳል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ይዘጋጃል። በ1943 የተመሠረተው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ለብዙ ዘመን ብቻውን ሲያመርት ቆይቶ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2007 በዝዋይ አካባቢ ወይን መትከል ጀምሮ በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ አቅርቧል። ሆኖም እነዚህ በኩባንያ እርሻ ላይ የቆሙ ናቸው። የአነስተኛ ገበሬው ቅምሻ በኢትዮጵያ በዋናነት የሚገኘው በቡና ነው።

የቡና ቅምሻ ከወይኑ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ቡናው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ የፈላ ውኃ ይደረግበታል። ቀማሹ መዓዛውን አሽትቶ በማንኪያ ሳብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ይተፋል፤ ነጥብ ይሰጣል። እዚህም ለረዥም ዘመን የገበሬው ቡና የሚቀመሰው ገበሬው በሌለበት ነበር። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች ተቋቁመው ምርታቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ ለመላክ በቅተዋል። አዋጁም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ በተካሄደው «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» በተባለው ውድድር፣ ማንነቱ ተሸፍኖ ተቀምሶ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በጨረታ ግማሽ ኪሎ የማትሞላዋ አንድ ፓውንድ በ185 ዶላር ገደማ ተሸጧል። ይህ ዋጋ ለሁሉም ቡና የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን በፓሪስ በ1976 የታየው ነገር በሲዳማ ማሳም ሊታይ እንደሚችል ያረጋግጣል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ረዥም ታሪክ ጥቂት ቁም ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ መጋዘን የሌለው ገበሬ ዋጋ ሊከራከር አይችልም። የማሮሳን ገበሬዎች የጋራ ማከማቻ የሠሩት ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ጥሩውንና መናኛውን በአንድ ዋጋ የሚቀበል ማኅበር ጎበዝ አባሉን ያዳክማል። ሦስተኛ፣ አምራቹ የራሱን ምርት መቅመስ ካላወቀ የጥራቱ ዳኛ ገዢው ብቻ ይሆናል። አራተኛ፣ ካፒታል ፍለጋ ባለቤትነትን እንዳያሳጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አምስተኛ፣ የአካባቢ አስተዳደር መሬትንና የአካባቢን ስም በደንብ ከጠበቀ የገበሬው ድካም ዋጋ ያገኛል።

የቅምሻ ጠረጴዛ ከእንጨት የተሠራ ተራ ጠረጴዛ ነው። በዙሪያው ግን አምራቹ «ይህ የእኔ ነው» ይላል፤ ገዢውም ቀምሶ ይመሰክራል። የማሮሳን ገበሬዎች በ1901 በትንሽ መንደር ሲሰባሰቡ የፈለጉት ከዚህ የበለጠ አልነበረም። ዛሬ በየቀበሌው የቡና፣ የማር ወይም የእህል ማኅበር የሚመሠርቱ ገበሬዎችም የሚሹት ያንኑ ነው።